በሞተሩ ሆድ ሥር ያለፈው ሲባጎ

ሰው ዕቃ የሚበላሸው ሲሠራ ይመስለዋል። እኔ እስካሁን ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ዕቃ የሚበላሸው ሲቆም ነው። እንደ ልቧ ስትሰፋ የኖረችን የልብስ ስፌት መኪና ሁለት ክረምት ጥግ አስይዟትና በሦስተኛው መዘውሯን ለማዞር ሞክሩ፤ የምትመልስላችሁን መልስ እዚህ አልጽፈውም። ያልተከፈተ በር ይጣበቃል። ያልተራመደ እግር ይተሳሰራል። አፍ የሚባለውም ዕቃ ያው ነው፤ ወንድሙን ላለማናገር አንድ ወር የተዘጋ አፍ በሁለተኛው ወር በመፍቻም አይከፈትም። ይህን የምለው ፍልስፍና አምሮኝ አይደለም። ከግቢያችን መሀል አንድ ሞተር ሳይክል ቆሞ ስለነበረ ነው።

ግቢያችን ከሀና ማርያም ብዙ አይርቅም። የባለቤቴ የታደሰ እናትና አባት ትተውት ያለፉት ቦታ ነው። በአንድ ወገን እኔና ታደሰ፣ በሌላው ወገን ታናሽ ወንድሙ ግርማና ሚስቱ ብርቄ፣ ፊት ለፊት ቤት ሠርተን እንኖራለን። ማድ ቤቱ የጋራ ነው። ቧንቧው የጋራ ነው። ሞተሩም የጋራ ነው፤ ወንድማማቾቹ በጎረምሳነታቸው አዋጥተው ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዙት። ያኔ ቀይ ነበር ይላሉ። እኔ ስላልደረስኩበት በእምነት ተቀብዬዋለሁ።

የሞተሩ ሕግ ቀላል ነበር። ተራ በተራ ይነዱታል፤ መጨረሻ የነዳው ላስቲክ ያለብሰዋል። ከዚህ ያጠረ ሕገ መንግሥት ያለው አገር ካለ ንገሩኝ። ባለፈው ክረምት ታዲያ ቤንዚን ጠፋና ሞተሩ ላስቲኩን ለብሶ ቆመ። ሐምሌ ላይ ነፋስ መጣና ላስቲኩን ገፎ ወሰደው። ነፋስ የገፈፈውን መልሶ የሚያለብሰው ማነው? ሕጉ ይህን አላሰበበትም። ታደሰ፣ ግርማ ያለብሰዋል ብሎ ተኛ። ግርማ፣ ታደሰ ያለብሰዋል ብሎ ተኛ። እኔና ብርቄ ደግሞ የወንዶች ጉዳይ ነው ብለን ተኛን። ያልተኛው ዝናቡ ብቻ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሞተሩን ሊያወጡ ሲገፉት የኋላው ጎማ እሺ አለ፤ የፊተኛው እንቢ አለ። ፍሬኑ ዝጎ፣ እንደነከሰ ቀርቷል። ታደሰ «ታናሽ ሆኖ ላስቲክ ማንሳት ይከብደዋል?» አለ። ግርማ «ታላቅ ሆኖ ማየት ይከብደዋል?» አለ። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልደግመውም፤ ብቻ ከፍሬን ተነስተው እስከ አባታቸው ቀብር ድረስ ተጓዙ። ጠባቸው በእውነት የላስቲክ ነው ወይ? እንጃ። ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን የሚያይ ወንድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስልክ ሆንኩ። ግርማ ቧንቧው ሥር እግሩን እየታጠበ ታደሰ ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ «ያንን ሰውዬ ውሃውን ይዝጋ በይው» ይለኛል። ግርማ ሰምቷል። መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ግን ማድረስ አለብኝ። «ውሃውን ዝጋ ይልሃል።» «እየዘጋሁ ነው በይው።» «እየዘጋሁ ነው ይላል።» በዚህ ከተማ ኔትወርክ የማይቋረጥበት መስመር ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። መብራት ቢጠፋም እሠራ ነበር።

ሽማግሌ አላስገባችሁም ወይ የሚል አይጠፋም። አስገብተናል። ጋሽ ቶሎሳ መጡ፤ ይህ ሁሉ ሰፈር ማሳ በነበረ ጊዜ ያረሱት፣ ዛሬም ከፎቆቹ ጀርባ በሬ የማያጡ ሰው ናቸው። ከወላይታ መጥቶ እዚሁ የከተመው ጎረቤታችን ወንድም ማርቆስም መጣ፤ በቸርቹ የጸሎት መሪ ነው። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ግርማ የመናገር ችግር የለበትም። ገና «እስቲ» ሲሉት ተናገረ፤ ቀጥሎ አለቀሰ፤ ቀጥሎ እያለቀሰ ተናገረ። ታደሰ የጫማውን አፍንጫ ሲያይ ዋለ። ሽማግሌዎቹ ግርማን አባበሉ፣ ግርማን መከሩ፣ ግርማን አመሰገኑ፤ ያቀረብንላቸውን በልተው መርቀውን ወጡ። ወንድም ማርቆስ ሲወጣ ሞተሩን አየና እሱንም ጸለየለት፤ ከአሜን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በመዶሻ ሞክራችሁታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ቶሎሳ «በሬዎቼን ላምጣና ይጎትቱት» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ታደሰ «ያንን ሰውዬ» ብሎ ጀመረ።

በመጨረሻ ቆርቆሮ መጣ። ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ግቢው ለሁለት ይከፈል የሚለው ነው፤ እሱንም የተስማሙት በእኔ በኩል ነው። አናጢው ዓርብ መጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠረ። ማድ ቤቱ ለእኛ ደረሰ፤ ቧንቧው ለእነሱ። ይኸውም እኛ እሳት እየሞቅን ልንጠማ፣ እነሱ ውሃ እየጠጡ ጥሬ ሊበሉ ነው። ሲባጎው በሞተሩ ሆድ ሥር አለፈ። አናጢው ቆም ብሎ አየውና፣ «ይሄን ነገር አንሱልኝ፤ ሰኞ ጉድጓድ ልቆፍር እመጣለሁ» ብሎ፣ ዕቃውን ማድ ቤታችን አስቀምጦ ሄደ።

ያን ዕለት ብርቄ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «እትዬ አስኩ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ጨው ታቀብይኛለሽ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን ቢላዋውን ካስቀመጠች ቆይታለች። ሙሽራ ሆና እዚህ ግቢ ከገባች ጀምሮ እኔና እሷ በአንድ ምድጃ ላይ ያልሳቅንበት ጠዋት የለም፤ ብዙውን ጊዜ የምንስቀው በእነዚሁ በሁለቱ ነው። ሰኞ የሚቆፈረው ጉድጓድ በእኔና በእሷ መሀል ነበር የሚያልፈው። ይህን ደግሞ ሜትር ይዘው ከሚለኩት ወንዶች አንዱም አልለካውም።

ሞተሩን ጎትቶ ማንሳት አይቻልም ነበር ወይ? ይቻላል። ግን ወደየት? ወደ እኛ ከተጎተተ ግርማ ተዘረፈ፤ ወደ እነሱ ከተጎተተ ታደሰ ተዘረፈ። ስለዚህ አዲስ ሕግ ወጣ፦ ጎማውን ያስለቀቀ ሞተሩን ይወስዳል። ማን እንዳወጣው አላውቅም። እኔ ያስተላለፍኩት መልእክት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ግርማ ቀደመ። ካሊፐሩን ፈታው፤ ጎማው ያለ ፍሬን ቢዞር ማስለቀቅ አይባልምና አልተቆጠረለትም። ካሊፐር ማለት የጎማውን ዲስክ እንደ ጥርስ ነክሶ የሚያቆመው ብረት ነው። ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ሁለት ፒስተኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መሪው ላይ ያለውን እጀታ ስትጨብጡት የፍሬን ዘይት በቱቦ ወርዶ ከኋላ ይገፋቸዋል፤ እነሱም የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫኑታል። የእኛዎቹ ዝገት ይዟቸው ወደፊትም ወደኋላም አንሄድም ብለዋል። እንግዲህ ግርማ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለሥራ እንዲመቸው መጀመሪያ ያንኑ ቱቦ ነቀለው። ፒስተኖቹን ከውስጥ ሊገፋቸው የሚችለውን አንድ ነገር አስወግዶ ሲያበቃ፣ ከውጭ በፒንሳ ሊጎትታቸው ተቀመጠ። ሲጎትትም ለብርቄ፣ ለእኔ፣ ለዶሮዎቹ ሳይቀር እያብራራ ነው።

ከሰዓት በኋላ ታደሰ ተረከበ። እሱ አያብራራም። ላምባ አፈሰሰበት። ናፍጣ አፈሰሰበት። ለስላሳ ዝገት ይፈታል ብሎ የነገረው ሰው ስላለ ለስላሳም አፈሰሰበት፤ በቤታችን ከመጣ እንግዳ የዚያን ቀን ያህል የተጋበዘ የለም። በመዶሻ መታው። ከዚያ ፍሬኑን ልየው ብሎ፣ ቱቦው የትም እንዳልተሰካ ረስቶ እጀታውን ጨበጠ። ዘይቱ ተፈናጥሮ የቤንዚን ታንከሩ ላይ አረፈ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። በቤታችን ጠርሙስ የሚያነብ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ፤ የሚጠይቀኝ የለም እንጂ። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሲነሳ ነው ሞተሩ በእርግጥም ቀይ እንደነበረ ያረጋገጥኩት።

ካሊፐሩ መሬት ላይ ተጥሎ ሳየው፣ ጎማውን ያስለቀቀ ይወስደዋል የሚለው ሕግ ሴትን አይጨምርም የሚል አንቀጽ እንደሌለው ትዝ አለኝ። እኔ ከወሰድኩት ማንም አልተዘረፈም ማለት ነው። በፌስታል ጠቅልዬ ሰይፉ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ።

ሰይፉ ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ በዓለም ላይ በአየር የማይፈታ ችግር አለ ቢሉት አያምንም። «ማዘር፣ አረፍ በይ፤ አንድ ትንፋሽ ነው» አለኝ። የኮምፕሬሰሩን አፍ ቱቦው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ደገነና ለቀቀው። አንደኛው ፒስተን ጧ ብሎ ወጣ። የወጣው ግን እንደ ጥይት ነው፤ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ደንበኞች እጅ የሚታጠቡበትን የፕላስቲክ ጆግ በስቶ የአሮጌ ጎማ ክምር ውስጥ ገባ። ሰይፉ ጆጉን አየ። እኔን አየ። «ቀላል ነው ብዬሽ ነበር» አለኝ።

ሁለተኛውስ? ደጋግሞ ነፋበት። ምን ዋጋ አለው? አየሩ ሁሉ የመጀመሪያው በተወው ባዶ ጉድጓድ እያፏጨ ይወጣል፤ የተጣበቀው ቦታው ላይ ተቀምጦ ፉጨቱን ያዳምጣል። አዳማጭነቱ የማውቀውን ሰው አስመሰለው። ሽማግሌ ፊት የተቀመጡት ሁለቱ ወንድማማቾች ድቅን አሉብኝ። ጋሽ ቶሎሳ የነፉት ምክር፣ ማርቆስ የነፋው ጸሎት፣ ሁሉም በግርማ በኩል አልነበር ወጥቶ የሄደው? የላላው ቀድሞ ይወጣል፤ የመጣው ጉልበት ሁሉ በእሱ በኩል ይባክናል፤ የተጣበቀውን የሚነካው የለም። «ሰይፉ፣ ይሄኛውን መልሰህ ቀዳዳውን ጭነህ ብትይዝልኝስ?» አልኩት። «በእጄ? በእጄ እኮ ነው የምበላው ማዘር» አለኝ። ፒስተኔን ከጎማ ክምር ውስጥ ፈልጌ ሄድኩ።

መንገዴን ወደ መለዋወጫ ሱቅ አድርጌ የፍሬን ዘይት ጠየቅኩ። ሻጩ ለምን መኪና ነው አለኝ። ለሞተር ነው አልኩት። «ባልሽን ብትልኪው ይሻል ነበር፤ ዓይነት ዓይነት አለው» አለኝ። ከሞተሩ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ነቅዬ በያዝኩት ክዳን ላይ ያለውን ቁጥር እንዳነበብኩ ነገርኩት፤ እሱ ግን ለማረጋገጥ ክዳኑን አላየም፤ እኔን አየኝ። ባሌን መላክ የምችል ብሆን መጀመሪያ ወደ ወንድሙ ነበር የምልከው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም ሞክራችኋል፣ አሁን ተራው የእኔ ነው ብዬ አወጅኩ። በደቂቃ ውስጥ ሁለቱም ብቅ አሉ። ሊረዱኝ አይደለም፤ ሲያቅተኝ ለማየት ነው። ሰው በምንም ይምጣ፣ ዋናው መምጣቱ ነው። የላላውን ፒስተን ጠርጌ ወደ ጉድጓዱ መለስኩትና፣ አናጢው ጣውላ የሚያጣብቅበትን መቆንጠጫ ከማድ ቤት አምጥቼ ከላዩ ጠፍሬ አሰርኩት። ቱቦውን የነቀለው ግርማ ነውና ራሱ እንዲሰካው አደረግኩ። ዘይት ሞላሁ። ታደሰን እጀታው ላይ አቆምኩት። ግርማን ከሥር አስቀምጬ ካሊፐሩን በሁለት እጁ አስያዝኩት።

ግርማ ታዲያ አፉን ከፈተ። «እትዬ አስኩ፣ እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ብያለሁ...» ሊል ነው። ካሊፐሩን የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በያዘው ሹካ ላይ የሚያስሩት ብሎኖች መዳፌ ላይ ነበሩ። «እንዳይጠፉ በከንፈርህ ያዝልኝ፤ አናጢ ሚስማር እንደሚይዘው» ብዬ በተከፈተው አፍ አስገባኋቸው። በሳሙና አጥቤያቸዋለሁ፤ አረመኔ አይደለሁም። ሁለቱም የላሉት ተያዙ ማለት ነው።

ታደሰ ጨበጠ። ለቀቀ። ጨበጠ። ምንም። እንደ ወትሮው ቢሆን ዝምታ ከመወለዱ በፊት ግርማ ይሞላው ነበር። ያን ቀን ግን ዝምታው ግቢው መሀል ተደላድሎ ተቀመጠና የሚያስነሳው አጣ። ብርቄ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያለች። ታደሰ ይጨብጣል፤ እኔ ዘይት እጨምራለሁ፤ ከቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እጀታው እየጠነከረ ሄደ። የታደሰ አንገት ሥሩ ተገተረ። ከካሊፐሩ ሆድ ውስጥ የሚያቃስት ሽማግሌ የመሰለ ድምፅ ተሰማና የተጣበቀው ፒስተን ጥፍር ታህል ወደፊት መጣ።

ታደሰ ከመደንገጡ የተነሳ ረሳ። ማኩረፉን ረሳ፤ እኔ ስልክ መሆኔን ረሳ። «ግርሜ! ያዘው፣ እየወጣ ነው!» አለ።

ግርማ ቀና አለ። አፉ ብሎን ሞልቷል። ያ የመናገር ችግር የሌለበት ሰው በሕይወቱ መልስ መስጠት የሚገባው አንድ ጊዜ ቢኖር ያ ነበር፤ አልቻለም። ዓይኑ ብቻ ሞላ። ታደሰ አየው፤ ጫማውን አይደለም፣ እሱን። የሚያቋርጠውም ስላልነበረ፣ እጀታውን እንደጨበጠ፣ «ነፋሱ ላስቲኩን ሲወስደው በመስኮት አይቼዋለሁ። ተነስቼ ማልበስ ነበረብኝ» አለ።

«ጋሼ!» አለ ግርማ። ከጋሼ ጋር ብሎኖቹም አብረው ወጡና የቧንቧው ውሃ ያቦካው ጭቃ ውስጥ ገቡ።

የቀረውን ቀን ሁለቱ ተንበርክከው ብሎን ሲፈልጉ ዋሉ። ሲፈልጉም ተጣሉ። «እኔም አይቼው ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል ግርማ። «እኔ ታላቅህ እያለሁ? የኔ ነው» ይላል ታደሰ። «አይሆንም ጋሼ።» «ዝም በል ብያለሁ!» ካፌ ውስጥ ሂሳብ እኔ ልክፈል እያሉ እጅ ለእጅ የሚተናነቁ ሰዎች አይታችኋል? ልክ እንደዚያ። ጥፋቱን እኔ ልውሰድ እኔ ልውሰድ ብለው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ብርቄ «እንገላግላቸው እንዴ?» አለችኝ። «ተያቸው፤ መጀመሪያ ብሎኑ ይገኝ» አልኳት።

ብሎኑ ተገኘ። ሰኞ አናጢው ሲመጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አጥር የሚባል ነገር የለም አሉት። መቆንጠጫው ዘይት በዘይት ስለሆነ ትንሽ አጉረመረመና ሲባጎውን ጠቅልሎ ሄደ፤ ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። በዚያው ሳምንት ፒስተኖቹ በብርጭቆ ወረቀት ጸዱ፤ የጎማ ቀለበታቸው ተቀየረ፤ ካሊፐሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። የፊት ጎማው በአንድ ጣት ሲነካ ይዞር ጀመር። እኔና ብርቄ በአንድ ምድጃ ላይ መሳቃችንን ቀጠልን።

እዚህ ላይ ባቆም ለሁላችንም ጥሩ ነበር። ግን እነሱ አላቆሙም።

ወንድማማቾቹ ፍቅር ከሆኑ በኋላ ስለ ሞተሩ ተማከሩ። «መቼም አርጅቷል» አለ ታደሰ። «እኔም ወገቤን ይቆርጠኛል ጋሼ» አለ ግርማ። ለካ አንዳቸውም ሞተሩን ከፈለጉት ቆይተዋል! እያንዳንዳቸው ይዘውት የኖሩት ወንድሜ ብቻውን እንዳይወስደው ብለው ነው። ቂሙ ከሌለ ሞተሩ ምን ይሠራል? አሮጌ ብረት ልግዛ እያለ በየመንደሩ ለሚዞረው ለቁራሌው እንሽጠው ተባባሉ። ቁራሌውም ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በር ላይ ደረሰ።

«የማንን ሞተር?» አልኩ እኔ። ጎማውን ያስለቀቀ ይወስደዋል የሚለውን ሕግ አስታወስኳቸው። በጆሮዬ አጠገብ ያለፈውን ፒስተን አስታወስኳቸው። ከለቡ ገበያ ለመመለስ ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ቆሜ ያረጀሁትን ዕድሜ አስታወስኳቸው። ቁራሌውን በባዶ ጆንያው ሸኘሁትና፣ መንዳት ልማር ነው አልኩ።

አኮረፉኝ። ሁለቱም፣ በአንድ ልብ፣ ወንድማማችነት እንዲህ ነው የሚያሰኝ ኩርፊያ። አሁን ስልኳ ብርቄ ናት። ታደሰ፣ የገዛ ባሌ፣ «ያችን ሴትዮ ከሞተሩ ላይ ትውረድ በያት» ይላታል። ግርማ ደግሞ ምክንያቱን ያብራራላታል።

ትናንት አናጢው ተመለሰ። ሁለቱ የሲባጎውን ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲያግዙት አየሁ። በዚህኛው ዙር ማድ ቤቱና ሞተሩ ለእኔ ደርሰዋል፤ ቧንቧውና ወንድማማቾቹ ከማዶ ናቸው። ብርቄን አንቺስ በየት በኩል ነሽ ብላት ሞተሩን አየት አድርጋ፣ «ከኋላ መቀመጫ አለው?» አለችኝ። ሲባጎው እንደ ባለፈው በሞተሩ ሆድ ሥር አለፈ። አናጢውም እንደ ባለፈው ቆም ብሎ፣ «ይሄን ነገር አንሱልኝ» አለ።

በአንድ እጄ ገፋሁለት። አሁን እኮ ጎማው ይዞራል።